የማይታየው መንጠቆ፦ ባክቴሪያ ሰውነታችን ላይ የሚጣበቀው እንዴት ነው?



የዛሬው ጽሑፋችን በዓይን ስለማትታይ አንዲት ረቂቅ ፍጥረትና በላይዋ ስለሚበቅል ፀጉር መሰል ክር ነው። ርዕሱ ለቤተ ክርስቲያን ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጉዳዩ ብዙ እህቶቻችን በዝምታ የሚሠቃዩበትን በሽታ የሚመለከት ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡት በፍቅር እንጠይቃለን። ወንድሞችም ብታነቡት ትጠቀማላችሁ እንጂ አትጎዱም።

በሽታው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይባላል። ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላል፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ከእምብርት በታች ያማል። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደ ታመሙ ተገምቷል። በእኛ ዘንድ ግን «ብርድ ነው፣ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዷ እህት ደግሞ ታፍራለች። በጸሎት ኅብረት መካከል «ጸልዩልኝ» ትላለች፤ የሕመሟን ስም ግን አትናገርም። ሌላዋ ባሏ እንዳይጠረጥራት ትደብቃለች። ታዲያ ይህን በሽታ የሚያመጣው ምንድን ነው? ሰውነታችንስ ላይ የሚቀመጠው እንዴት ነው?

ሽንት ለምን አጥቦ አያወጣውም?

ጥያቄውን ከዚህ እንጀምር። ፊኛችን በቀን ብዙ ጊዜ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜም ይራቆታል። ሽንት በወጣ ቁጥር ውስጡ እንደ ቦይ ይታጠባል። ወደ ውስጥ የገባ አንድ ትንሽ ጀርም በጎርፍ እንደ ተያዘ ገለባ ተጠርጎ መውጣት ነበረበት። ብዙዎቹም በእርግጥ ተጠርገው ይወጣሉ። የሚያሳምመን የሚቀረው ነው። የሚቀረው ደግሞ የሚይዝበት ነገር ስላለው ነው።

ከዚህ በሽታ አብዛኛውን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ከሕፃናት ዓይነ ምድር ውስጥ ለይቶ ከገለጸው ከሐኪሙ ከቴዎዶር ኤሸሪክ ነው። ይህ ባክቴሪያ እጅግ ትንሽ ነው፤ 500 ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሞላሉ። በሁላችንም አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ አብዛኛው ዘሩም ጉዳት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ከአንጀት አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሽንት መንገድ ሲሻገር ነው። የሴቶች የሽንት መውጫ ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ መንገዱ ለባክቴሪያው አጭር ነው። የወንዶች 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሽታው በሴቶች ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ የአፈጣጠር ልዩነት እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም።

ፀጉር መሰሉ ክር

ባክቴሪያን በተራ ማይክሮስኮፕ ስናይ ትንሽ በትር ብቻ ይመስላል። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተባለው መሣሪያ ከመጣ በኋላ ግን ሳይንቲስቶች አንድ የሚያስገርም ነገር አዩ። በባክቴሪያው ዙሪያ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች እንደ ፀጉር ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1955 ዱጊድ የተባሉ የስኮትላንድ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው «ፊምብሪያ» አሏቸው፤ በላቲን የልብስ ዘርፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ቻርልስ ብሪንተን የተባሉ አሜሪካዊ «ፒሊ» ብለው ጠሯቸው፤ ይህም ፀጉር ማለት ነው። ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ፒሊ እንላለን።

የአንዱ ክር ውፍረት 7 ናኖሜትር ያህል ነው። ይህን በቀላሉ ለመረዳት አሥር ሺህ ክሮች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ እንደሚሆኑ አስቡ። ርዝመቱ ግን አንዳንዴ ከራሱ ከባክቴሪያው ቁመት ጋር ይተካከላል። ክሩ የተሠራው ከአንድ ሺህ በላይ ሊሆኑ ከሚችሉ ትናንሽ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ነው። ቁርጥራጮቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው ከዚያም እንደ ገመድ ይጠመዘዛሉ።

አሠራሩም ሥርዓት ያለው ነው። ቁርጥራጮቹ በባክቴሪያው ውስጥ ሲሠሩ ለየብቻቸው ቢተዉ ይበላሻሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁራጭ አንድ አጃቢ ፕሮቲን ይዞ ወደ ውጭኛው ሽፋን ያደርሰዋል። በዚያ የሚቀበለው ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ሳይንቲስቶች ለዚህ የሰጡት ስም በአማርኛ «አስተናጋጅ» ማለት ነው። በእሑድ አምልኮ ላይ ምእመናንን ተራ በተራ ወደ ወንበራቸው የሚያደርሱትን አስተናጋጆች አስቡ። ይህም ፕሮቲን ቁርጥራጮቹን በየተራቸው እያስገባ አንዱን ከሌላው ጋር ያያይዛል። መጀመሪያ የሚወጣው የክሩ ጫፍ ነው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራውም ይኸው ጫፍ ነው።

ጫፉ ምን ይይዛል?

የጫፉ ፕሮቲን ፊም ኤች ይባላል። በላዩ ላይ አንዲት ጠባብ ጎድጓዳ ስፍራ አለች። በዚያች ስፍራ ልክ የሚገጥም ማኖስ የሚባል የስኳር ዓይነት አለ። የፊኛችን የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ማኖስ በተሸከሙ ፕሮቲኖች የተሸፈነ ነው። ቁልፍ ከጓጉንቸር ጋር እንደሚገጥም እንዲሁ ፊም ኤች ከማኖስ ጋር ይገጥማል፤ ባክቴሪያውም ግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል። በገጠር ያደግን ሰዎች ጭጎጎት ጋቢና ነጠላ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ እናውቃለን። አንዱን ብንነቅል ሌላው ይቀራል። ባክቴሪያውም በአንድ ክር ብቻ ሳይሆን በብዙ ክሮች ነው የሚይዘው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዌንዲ ቶማስና ባልደረቦቿ አንድ ጥናት አወጡ። በኢ. ኮላይ በተሸፈነ ገጽ ላይ ቀይ የደም ሴሎች ያሉበትን ፈሳሽ እያሳለፉ ተመለከቱ። ፈሳሹ በዝግታ ሲሄድ አያያዙ ልል ነበር። ፈሳሹን ሲያፋጥኑት ሴሎቹ ተላቅቀው ይሄዳሉ ብሎ ሰው ይጠብቃል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ይበልጥ ተጣበቁ!

ምክንያቱም በኋላ ታወቀ። የጫፉ ፕሮቲን ሁለት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ ተጠጋግተው ሳሉ ጎድጓዳዋ ስፍራ ልል ናት። ክሩ ሲጎተት ግን ሁለቱ ክፍሎች ይራራቃሉ፣ ጎድጓዳዋም በስኳሩ ላይ ትጠብቃለች። ልክ እንደ ሸምቀቆ ነው፤ በጎተቱት ቁጥር ይጠብቃል። ስለዚህ ባክቴሪያውን ያስወጣዋል የተባለው የሽንት ጎርፍ ራሱ ያጠብቀዋል። ጎርፉ ሲቆም ደግሞ አያያዙ ስለሚላላ ባክቴሪያው ወደ ሌላ ስፍራ መንቀሳቀስ ይችላል።

ክሩም በበኩሉ ይረዳል። የተጠመዘዘ በመሆኑ በኃይል ሲጎተት አይበጠስም፤ እንደ ሞላ ይተረተርና ከቀድሞው ርዝመቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ጉተታው ሲያልፍ ተመልሶ ይጠቀለላል። በዚህም የጎርፉን ኃይል ራሱ ላይ ያበርዳል።

ከያዘ በኋላስ?

መያዝ የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በስኮት ሃልትግረን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ፒሊ ያለው ባክቴሪያ ከተጣበቀ በኋላ ወደ ፊኛው ሴሎች ውስጥ ይገባል። ሰውነትም ዝም አይልም፤ የተያዙትን ሴሎች ልጦ ከሽንት ጋር ያስወጣቸዋል። ሆኖም አንዳንዱ ባክቴሪያ በሴል ውስጥ ተሸሽጎ ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 ይኸው ቡድን በአይጥ ፊኛ ሴሎች ውስጥ ተከማችተው የሚኖሩ የባክቴሪያ ስብስቦችን አገኘ። ኋላም ምልክታቸው በታመሙ ሴቶች ሽንት ውስጥ ታይቷል። «ዳንኩ ስል ተመለሰብኝ» የሚሉ እህቶች አንዱ ምክንያታቸው ይህ ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ የኢ. ኮላይ ዘር ደግሞ ፒ ፒሊ የሚባል ሌላ ዓይነት ክር አለው። ይህኛው የሚይዘው ማኖስን ሳይሆን በኩላሊት ሴሎች ላይ የሚገኝን ሌላ ስኳር ነው። ስለዚህ በሽታው ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊትን እንዲይዝ መንገድ ይከፍታል። እጅግ ጥቂት የሆኑ ሰዎች ይህ ስኳር በተፈጥሯቸው የላቸውም፤ ፒ ፒሊም በእነርሱ ላይ መያዣ አያገኝም። መያዣ ከሌለ ክሩ ብቻውን ከንቱ ነው።

በሽንታችን ውስጥ የተቀመጠው ማታለያ

እግዚአብሔር ሰውነታችንን ያለ መከላከያ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1950 ኢጎር ታምና ፍራንክ ሆርስፎል የተባሉ ተመራማሪዎች በሽንት ውስጥ አንድ ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ዛሬ ዩሮሞጁሊን ይባላል። በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ከሚገኙት ፕሮቲኖች ሁሉ ብዛቱን የሚይዘው ይህ ነው። የሚሠራውም በኩላሊት ውስጥ ነው። ብዙ ዘመን ጥቅሙ በግልጽ አይታወቅም ነበር።

አሁን ግን ይታወቃል። ይህ ፕሮቲን እንደ ረጅም ክር ሆኖ በሽንት ውስጥ ይንሳፈፋል፤ በላዩም ማኖስ ተሸክሟል። ባክቴሪያው የፊኛን ግድግዳ ያገኘ መስሎት ይህን ተንሳፋፊ ክር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች የዚህን ክር ቅርጽ በረቀቀ ማይክሮስኮፕ አሳዩ፤ ክሮቹ ባክቴሪያውን ከብበው ፒሊውን ይሸፍኑታል፣ ብዙዎቹንም አንድ ላይ ያጣብቋቸዋል። ከዚያ ሽንት ሲወጣ ሁሉም ተያይዘው ይወጣሉ። ጠላት በገዛ መንጠቆው ተያዘ ማለት ነው። መዝሙረኛው በመዝሙር 139 ስለ ሰው አፈጣጠር ሲያመሰግን ይህን አላየም፤ እኛ ያየን ሰዎች ግን ምስጋናችን ከእርሱ ማነስ የለበትም።

«ታዲያ እግዚአብሔር መንጠቆውን ለምን ሠራ?»

ይህን ጥያቄ የሚያነሣ አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ማታለያውን አመስግነን ስለ መንጠቆው ዝም ብንል ታማኝነት አይሆንም።

አንድ ነገር መናገር ይቻላል። ይኸው ዓይነት ፒሊ በሽታ በማያመጡት የኢ. ኮላይ ዘሮች ላይም ይገኛል። በአንጀታችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በስፍራቸው ሲቆዩ ይጠቅሙናል፤ አንዳንዶቹ ቫይታሚን ኬ ይሠራሉ፣ ክፉ ጀርሞችም ስፍራ እንዳያገኙ ይከለክላሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ከስፍራቸው ሲወጡ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሁሉንም አይመልስም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 8 ላይ ፍጥረት ሁሉ እንደሚቃትትና ነጻነቱን እንደሚጠባበቅ ይነግረናል። እኛም የምንኖረው በዚያ መቃተት ውስጥ ነው። የታመመችን እህት ደግሞ የሚረዳት ክርክራችን ሳይሆን እንክብካቤያችን ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አትፈሪ፣ አትፈሪም ብቻ ሳይሆን አትፈሪበት። በሽታው የኃጢአት ምልክት አይደለም። ባክቴሪያው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከራስ አንጀት ነው። ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁ የሽንት ኢንፌክሽን ስለ ያዛት ብቻ አትጠርጥሯት። በግንኙነት የሚተላለፉ ሕመሞችም ማቃጠል ሊያመጡ ስለሚችሉ ግን ምርመራ አስፈላጊ ነው።

ሁለተኛ፣ ውኃ ጠጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በሽታው የሚደጋገምባቸውንና ጥቂት ውኃ የሚጠጡ 140 ሴቶች ተከታትሎ ነበር። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ተጨማሪ ውኃ የጠጡት በዓመት በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲታመሙ፣ ያልጠጡት 3.2 ጊዜ ታመዋል። መንጠቆው ቢጠብቅም አዘውትሮ መታጠቡ ይጠቅማል ማለት ነው። በጾም ጸሎት ወቅት በሽታው የሚመላለስባችሁ ሰዎች ውኃ መተው እንዳይጎዳችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ሽንት አትያዙ፤ ስትጸዳዱም ከፊት ወደ ኋላ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ስለ ተጨማሪ ነገሮች ልኩን እንወቅ። ክራንቤሪ የሚባለው ፍሬ በሽታው ለሚደጋገምባቸው ሴቶች እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ አመልክቷል፤ ለነፍሰ ጡሮች ግን ጥቅሙ አልተረጋገጠም። ማኖስን በዱቄት መልክ መውሰድ ባክቴሪያውን ያታልለዋል ተብሎም ነበር። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 በብሪታንያ በ598 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ጥቅም አላገኘበትም። እነዚህ ሁሉ የያዘን በሽታ የሚያድኑ አይደሉም።

አራተኛ፣ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ውሰዱ፣ በታዘዘውም መሠረት ጨርሱ። በአገራችን አንቲባዮቲክ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ መግዛት፣ ሲሻልም የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል የተለመደ ነው። ይህ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎችን በቀጥታ ለሞት እንዳበቁ ተገምቷል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመምና ማስመለስ ከተጨመረበት ኩላሊት ተነክቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

አምስተኛ፣ ነፍሰ ጡር እህቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ የሽንት ምርመራ ይደረግላችሁ። በእርግዝና ጊዜ ባክቴሪያው ምንም ሳያሳምም ቆይቶ ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ልጁም ያለ ጊዜው እንዲወለድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ሕመም ባይኖርም ባክቴሪያው ከተገኘ ለሰባት ቀን እንዲታከም መክሯል።

አንድ ቃል ለሽማግሌዎችና ለአገልጋዮችም አለን። ሙሉ ቀን በሚውል ጉባኤ ንጹሕና ውኃ ያለው መጸዳጃ ከሌለ እህቶቻችን ምን ያደርጋሉ? ውኃ አይጠጡም፣ ሽንታቸውንም ይይዛሉ። ለድምፅ መሣሪያ የምናወጣውን ያህል ባይሆንም ለዚህ ጉዳይ በጀት መመደብ የፍቅር ሥራ ነው።

ጸሎትና መድኃኒት

«እኔ በእምነት ነው የምፈወሰው» የሚሉ ወገኖች አሉ። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን፣ እንጸልያለንም። ነገር ግን ንጉሥ ሕዝቅያስ ዕድሜ እንደሚጨመርለት ተስፋ ከተሰጠው በኋላ በነቢዩ ትእዛዝ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ ተደርጎለታል። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም ምክር ሰጥቶታል፤ ከጳውሎስ ጋር ያገለገለው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጸሎትና ሕክምና ባላንጣዎች አይደሉም። ሕክምናን መቀበል የእምነት ማነስ ሳይሆን የእግዚአብሔርን ስጦታ ማክበር ነው።

በመጨረሻም፣ ከዚህች ኢምንት ፍጥረት አንድ ነገር ልንማር እንችላለን። በሐዋርያት ሥራ 11 ላይ በርናባስ አንጾኪያ ሲደርስ አዲሶቹን አማኞች ጌታን በጽኑ ልብ ይዘው እንዲቆዩ መከራቸው። መከራና ስደት ከፊታቸው እንዳለ ያውቅ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ የሚላላ አያያዝ አለ፤ ጎርፍ ሲመጣ የሚጠብቅ አያያዝም አለ። ለክፉ የዋለ መንጠቆ በጉተታ ከጠበቀ፣ በክርስቶስ ያለን እኛ በፈተና ቀን እጅግ አብልጠን ልንይዘው አይገባንምን? ደግሞም ደካማ እጃችን ቢዝል እንኳ እርሱ ራሱ ይዞናል።

ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ወደ አሳባችሁ የመጣች እህት ካለች ዛሬውኑ ጠይቋት፤ አብራችሁ ጸልዩ፣ አብራችኋትም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።